የገብረየስ ወገብ

ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ከተፈለገ ገብረየስን ነው የሚጠሩት። እጁ ወርቅ ነው። አረብኛው ግን ከሥራው አያልፍም፤ አሸዋ ጨምር፣ ውሃ አምጣ፣ ያላ፣ ነገ ኢንሻላህ፣ በቃ! ሌላውን ሁሉ የምትናገርለት ሚስቱ ስንቅነሽ ናት። ሱዳኖች ቤት ስትሠራ ኖራ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። የቤት ኪራይ ቢሆን፣ ፖሊስ ቢይዘው፣ ጥርሱን ቢያመው እሷ ቀድማ ገብታ ታወራለች፤ እሱ ከኋላ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። የካርቱም ሐበሻ ወንድ ግማሹ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሲሚንቶ ጋር የሚውል ሰው ከማን ይልመድ?

ይሄ ሁሉ ደግ ነበር፣ ያ ነገር እስኪመጣ። ምን ልደብቃችሁ፣ አልጋ ላይ ወንድነቱ እንቢ አለው። መጀመሪያ ድካም ነው አለ። ነገሩ ሲሰነብት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። ስንቅነሽ ደግሞ “ወይ ሌላ ይዟል፣ ወይ አስጠልቼዋለሁ” ብላ ደመደመችና አኮረፈች። ቤታቸው ውስጥ “ብላ” እና “በላሁ” ብቻ ቀረ።

ጓደኛው ማሩ፣ አላውቅም ማለት የማያውቀው ማሩ፣ ኦምዱርማን ገበያ ወስዶ በማር የተለወሰ ቅመም አስገዛው። ሆዱን አስቀመጠው እንጂ ሌላ ለውጥ አላመጣም። ቀጥሎ ከመንገድ ሻጭ ክኒን አመጣለት። እሱን ውጦ ልቡ ድው ድው ሲልበት፣ “ልትገድለኝ ነው እንዴ አንተ!” ብሎ ማሩን ሊማታ ደረሰ።

በመጨረሻ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ምን ብሎ ይንገረው? ቃሉን በአረብኛ አያውቀውም፤ ቢያውቀውስ አፉ መች ያወጣዋል! ወገቡን ይዞ “እዚህ፣ እዚህ” አለ። ሐኪሙ ምን ያድርግ፣ የወገብ መርፌ አዘዘለት። አይ ገብረየስ! ወገቡ ድሮም ደህና ነበረ፤ አሁን ግን በመርፌው ምክንያት መቀመጥ አቃተው።

ስንቅነሽ ሲያነክስ አየችው።

“ምን ሆነህ ነው?”

“ወገቤን አሞኝ መርፌ ተወጋሁ።”

“ያለ እኔ ሐኪም ቤት ሄደህ ታውቃለህ? ሌላ ሴት ካለች አለች በለኝና ልረፍ!”

“እንኳን ለሌላ፣ ለአንቺም አልሆንኩ!” አለ፤ ከአፉ አመለጠው።

ለስንቅነሽ ነገሩ ገና አሁን ገባት። ከዚያ ሻሿን እያሰረች ተነሣች። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?” አለችው። አሠሪዋን ኒዕማን ደፍራ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ምንም ሳትሽኮረመም፣ “የኔም ባል የሚታከመው ዶክተር ሙሄዲን ጋ ነው” ብላ ቤቱን ጠቆመቻት።

ዶክተር ሙሄዲን ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። ሲጋራ ታጨሳለህ? ውሃ ይጠማሃል? ምን መድኃኒት ወሰድክ? ስንቅነሽ ሁሉንም ኪራይ የምትከራከር ያህል ቀጥ ብላ አስተረጎመች። የደም ምርመራው ሲመጣ ስኳር ሆኖ ተገኘ። “ብዙ ጊዜ ይሄን የሚያመጣው እሱ ነው” አለ ሐኪሙ። “ስኳሩን እናስተካክላለን። ለዚህኛውም መድኃኒት አለ፤ ልቡን ሳልመረምር ግን አልሰጥም። የመንገድ ክኒን ሁለተኛ እንዳይነካ! አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ፍላጎቱስ አለ? ሚስቱን ይፈልጋታል?”

ስንቅነሽ ወደ ባሏ ዞረች። ወለሉን እያየች፣ “ሚስትህን... ትፈልጋታለህ ወይ ይልሃል” አለች።

ገብረየስ ሐኪሙን ረሳው። “በይ ንገሪው። የምሸሻት አፍሬ ነው። ከተጋባንበት ቀን ይልቅ ዛሬ እፈልጋታለሁ በይው።”

ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ጠበቀ፣ ጠበቀና “ምን አለ?” አላት።

ስንቅነሽ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። “አዎ ብሏል፣ ዶክተር” አለች። “የቀረው የኔ ነው።”