ጋሽ ጀማል ያልነገሩኝ ውጤት

የሥነ ሕይወት መምህራችን ጋሽ ጀማል ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬ ዳዋ አርፈዋል። ታመው መሰንበታቸውን ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም፤ ተማሪያቸው ኋላም የሥራ ባልደረባቸው የሆንኩት እኔም አልሰማሁም። በሙት ላይ ክፉ አይወራም ይባላል። እኔ ግን ጋሽ ጀማልን እወዳቸዋለሁ፣ ተቀይሜያቸውማለሁ፤ ሁለቱንም ሳልናገር አላልፍም።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ሃይድራ ለምትባል፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም ለማትበልጥ የኩሬ እንስሳ ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ፅንሷ መጀመሪያ የሚያድገው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ባኖረችለት ትእዛዝ ነው፤ የራሱ ዘረመሎች ሥራ የሚጀምሩት መቼ ነው? ከመልካ ጀብዱ በኩል ከኩሬ ከነሃይድራዎቹ የቀዱትን ውኃ በጠርሙስ አድርገው፣ ከሙቀቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ባጃጅ ላይ አቅፈውት ይመጡ ነበር። ነጂው ሲፈጥን «አቦ ቀስ በል፣ እርጉዞች ይዘናል» ይሉታል። ነጂው ዞሮ አብሬያቸው የተሳፈርኩትን የእኔን ሆድ ያያል።

ምሳ ያልበላ ተማሪ ማይክሮስኮፕ አያስነኩም ነበር። «የራበው ዓይን የሌለ ነገር ያያል» ብለው ሳምቡሳ ያስመጡለታል። ያልሰመረ ሙከራ የደበቀ ተማሪ ሲያጋጥማቸው ግን ይቆጡ ነበር፤ «ውጤት መርዶ አይደለም፤ ሰው እስኪረጋጋ ተብሎ አይደበቅም» ይሉናል። እኔም ይህን ቃላቸውን አምኜ ኖርኩ።

አባቴ በሞተ ሰሞን ትልቅ ውጤት ያገኘሁ መሰለኝ። የሃይድራ ፅንስ ዘረመሎች ከሚታሰበው በጣም ቀድመው ሥራ ሲጀምሩ አየሁ፤ ጉባኤ ላይም አቀረብኩት። ጋሽ ጀማል ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ተነሥቶ ተሳስተሻል አለኝ፤ ያየሽው የፅንሱን ሥራ ሳይሆን እንቁላሉ ለስንቅ ብሎ የዋጣቸውን የእናቱን ሴሎች ነው ብሎ አስረዳ። እውነቱን ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንወጣ ጋሽ ጀማል ትከሻዬን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን» አሉኝ። ያንን አይዞሽ ለዓመታት ተደግፌው ኖሬያለሁ።

ለቅሶ ልደርስ ቤታቸው ስሄድ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «እንዴት ይወድሽ እንደነበር» ብለው ጀመሩ። ጋሽ ጀማል ከጉባኤው በፊት ሙከራዬን ለብቻቸው ደግመውት ኖሯል። ስህተቱንም አግኝተውታል። «አባቷን ገና መቅበሯ ነው፤ ይህን ከነገርኳት ትሰበራለች» ብለው እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱ፤ በመጨረሻም ዝም አሉ። ወይዘሮ ሙና ይህን የነገሩኝ የጋሽ ጀማልን ደግነት ሊያስታውሱኝ ነው። እኔ ግን እንባዬ ደረቀ።

አውቀው ነው እንግዲህ ከፊት ተቀምጠው ያዩኝ። ባዳ ቢያደርገው ረስቼው ነበር። የሚያንገበግበኝ እንደ አባት ያየኋቸው ሰው ማድረጋቸው ነው። አዝነውልኝ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ አዎ፣ አዝነውልኝ ነው። ግን በዚያ ሐዘኔታ የተዋረድኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ጀማል፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። ሃይድራዎቹን እኔ እየመገብኳቸው ነው፤ ሙከራውንም እንደገና ጀምሬዋለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ቅያሜው ገና አልወጣልኝም። አንድ ነገር ብቻ ቢያውቁልኝ እወዳለሁ። እኔ ያኔ አባቴን ቀብሬ በእግሬ ቆሜ የመጣሁ ሰው ነበርኩ፤ የአንድ ሙከራ መበላሸት ምን ያደርገኝ ነበር? ቢነግሩኝ እኮ እችለው ነበር።