ጋሽ ኃይሉ ያሳዩኝ ጫካ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ከግቢያችን በር አጠገብ ጋሽ ኃይሉ የሚባሉ የሱቅ ታፔላ ሠዓሊ ነበሩ። ያኔ አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ፍሟ ካልከሰመ ምድጃቸው ዳር ሻማ ለኩሰው፣ በወጣትነታቸው የገዟቸውን የጫካ ጀብዱ የሥዕል መጽሔቶች ያወጡልኝ ነበር። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ እሳቸውም እኔም አናነበውም። ተረቱን ከሥዕሉ ነበር የሚያወጡት። አንድ ቀን ጀግና ያደረጉትን አዳኝ፣ በሌላ ቀን ያንኑ ገጽ ገልጠው ሌባ ያደርጉታል።

ገጽ ልገልጥ ስቸኩል እጄን ይይዙኛል። «ቀስ! ሠዓሊው ለዚህች ቅጠል ስንት ተጨንቋል፣ አንቺ ዘለሻት ልታልፊ?»

አንድ ምሽት ስለ ወንዝ መተረክ ጀመሩ። ሥዕሉ ላይ ግን ወንዝ የለም፤ ቅጠል ውስጥ ያደፈጠ ነብር ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሻማውን ወደ ገጹ አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት። ያኔ ገባኝ፤ ዓይናቸው ከድቷቸዋል። ዝም ብል ተረቱ ይቀጥላል፤ ብናገር ግን አዝነው መጽሔቶቹን ለዘለዓለም የሚቆልፉብኝ መሰለኝ።

«ጋሼ... ነብር ነው» አልኳቸው፣ በቀስታ።

ሳቃቸው መጣ። «ወይ ጉድ! ወንዝ ላሻግርሽ ብዬ ነብር አፍ ልከትሽ ነበራ!» መጽሔቱን ጭኔ ላይ አኖሩት። «በይ እንግዲህ ንገሪኝ። ምኑ ነው የሚታይሽ?»

«ነጠብጣቡ ከቅጠሉ ጥላ ጋር ተቀላቅሏል። ዓይኑ ብቻ ነው የሚለየው።»

«ዓይኑን በምን ቀባው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። «አልቀባውም። ወረቀቱን እንዳለ ትቶታል።»

«እሱን ነው የምልሽ!» አሉ፣ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «ቀለምማ ማንም ይቀባል፤ የት እንደሚተው የሚያውቅ ነው ሠዓሊ።»

ከዚያ ወዲህ እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይተርካሉ። ኋላ ኋላ ተረቱንም ለእኔ ለቀቁልኝ፤ ስሳሳት ብቻ ይስቁብኛል።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አሁን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ልጅ አሳድጋለሁ። ሰው መሀል ዝም ስል ቃል ያጣሁ ይመስላቸዋል፤ እያየሁ እኮ ነው። በቀደም ጠዋት፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም እንውጣ ብዬ ስጣደፍ፣ ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «እማዬ፣ ተራራው ዛሬ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አለችኝ።

ቦርሳዋን አስቀመጥኩና አጠገቧ ቆምኩ። እውነትም፣ ሰማያዊ ነበር።