የአባባ ፊሽካ

አዲስ አበባ መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ሳያማክረኝ ይፈጥናል፤ ዘወር ብዬ አባባ ከኋላዬ በባጃጅ እየመጣ እንዳልሆነ ሳላይ ልቤ አያርፍም።

አባባ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ስለማይነሣ ሮጦ አያውቅም። ያሠለጠነኝ ግን እሱ ነው። የነገሩ መነሻ በመስቀል ሰሞን የትምህርት ቤታችን ሩጫ ላይ አንዲት ልጅ ብትቀድመኝ፣ አስፋልት ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀሴ ነበር። ሰፈሩ ወር ሙሉ ሳቀብኝ። አባባ ግን ሳይስቅ ፊሽካ ገዝቶ መጣና «መሸነፍ አያሳፍርም፣ የሚያሳፍረው መቀመጥ ነው» አለኝ፤ ለከርሞ እንዳልቀመጥም አስማለኝ።

በጋውን እግሬ ይጠንክር ተብሎ ለእማዬ ተሰጠሁ። እማዬ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ፣ የእንሰቱን ልጥ በአንድ እግሬ መፋቂያው ሰሌዳ ላይ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ጭኔ እስኪንቀጠቀጥ እፍቅ ነበር። እግሬ መጠንከሩን እንጃ፣ ቆጯችን ግን ያን ዓመት ተትረፈረፈ፤ እማዬም እንደ አባባ ያለ አሠልጣኝ የለም ማለት አመጣች።

ክረምት ሲገባ አባባ ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሰኝና፣ ከጎረቤታችን ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ፣ እኔ በጭቃው ከፊት እየሮጥኩ እሱ ፊሽካውን ይነፋ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ እሱ ሸራውን ያወርዳል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ጭቃ ውስጥ የቀረ ጫማዬን የሚለቅመው ባለ ባጃጁ ነበር።

መስቀል ደረሰና፣ ከአዲስ አበባ የገባው ዘመድ ሁሉ ስሮጥ ሊያየኝ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ያን ዕለት ጠዋት አባባ ቅቤ የሚንሳፈፍበት ክትፎ አቀረበልኝ። እማዬ «ለሩጫ ነው ለእንቅልፍ የምታዘጋጃት?» ብትለውም፣ በመስቀል ክትፎ ሳይበሉ ከቤት መውጣት ነውር ነው ብሎ ሁለት ጣባ አስጨረሰኝ።

ዳገቱ ላይ ስደርስ ሆዴ አመፀ። አጎንብሼ በዓሉን በሙሉ አጎቴ ፊት መለስኩት። ልጆቹ ሁሉ አለፉኝ፣ ያቺ የአምናዋ ድንጋይ ደግሞ እዚያው ነበረች። ልቀመጥ ስል ፊሽካው ጮኸ። አባባ ከኋላዬ ሲከተል ከነበረው ባጃጅ ዘሎ ወርዶ፣ በአዲሱ ኮቱ ወደ እኔ ይሮጥ ነበር፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል መጥቶ ፊሽካው ቀጭን ድምፅ አሰማና ዝም አለ፣ እሱም የእኔው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ትንፋሹ ለቃል ስላልበቃ በእጁ ሂጂ አለኝ። እያለቀስኩም እየሳቅኩም ሄድኩ፣ መጨረሻ ሆኜም ገባሁ። በዚያ ሩጫ የቀደምኩት ሰው ቢኖር አባባ ብቻ ነው። እሱ ግን ራሱ ድንጋዩ ላይ መቀመጡን ሳያነሣ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «አልተቀመጠችም» ሲል ሰነበተ።

ዛሬ ከፍዬ ስፖርት ቤት እሄዳለሁ፤ አሠልጣኙ ትሁት ስለሆነ ደከመኝ ስለው ውሃ ያቀብለኛል፣ እኔም ቶሎ ቶሎ ይደክመኛል። አባባ ጉልበቱን እያመመው ሐኪም በየቀኑ እንዲራመድ አዞታል፤ ቡታጅራ ስሄድ ግቢውን አብረን እንዞራለን፣ ፊሽካው ያለውም እኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ሦስተኛው ዙር ላይ ቆሞ በዓይኑ ወንበር ሲፈልግ፣ ፊሽካውን ነፋሁበት።

«ክትፎም ሳታበይኝ?» አለና እየተነጫነጨ ዞረ። አልተቀመጠም።