ሁሉም ያውቃል፣ ከእኔ በቀር

ዓይኔን ወልድያ ታክሜ ስመለስ ጋሸና ላይ የላሊበላን ሚኒባስ ያዝኩ። የደረሰ ገብሴን ማሳ ላይ ትቼው ስለሄድኩ ልቤ እዚያው ነው። አጠገቤ የጎረቤቴ የቄሱ ልጅ ተቀምጣ ስለ አንድ የጥንት የግጥም ተውኔት ለፈተና ታጠናለች።

ከእርሻው ጎን ንግድ ያሳደገኝ ሰው ነኝና የማላውቀውን ሳልጠይቅ አላልፍም። "ልጄ፣ ይኼ 'ተውኔታዊ ምፀት' የምትይው ምንድን ነው?"

"ባለታሪኩ ላይ መከራ ሊወርድ ሲል ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም፣ አባባ።"

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ማስላት ጀመርኩ። ሾፌሩ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ሂሳብ አልቀበልም ብሎኛል። ከኋላ ያሉት ጎረቤቶቼ ዞር ስል ወሬ ያቆማሉ። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰውየውን ቤቱ አድርሰው ነው የሚያረዱት።

"ባለታሪኩ እኔ ነኝ እንዴ?" አልኳት። በመጽሐፏ ፊቷን ጋረደች።

ስንደርስ ደጄ በሰው ተሞልቷል። ጋቢዬን አዘቅዝቄ፣ ሐኪሙ የከለከለኝን እንባ እያፈሰስኩ ወረድኩ።

ከሰዉ መሃል ባለቤቴ ማጭድ ይዛ ብቅ አለች። ከኋላዋ ገብሴ ታጭዶ ተከምሯል። ቢነግሩኝ ዓይኔ ሳይሽር ማጭድ እንደማነሳ አውቀው፣ መንደሩ ሁሉ በረዶ ሳይመታው በደቦ አጭዶልኛል። እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ለሰዉ ሁሉ እጅ ነሳሁ።

"ምነው አንተ ሰውዬ፣ ጋቢህን አዘቀዘቅህ? ማን ሞተ?" አለችኝ።

"አንቺ።"