ጃርቱ የተነፈሰ ዕለት

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ታስተምር የነበረችው መምህርት ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ልጆቹ «እትዬ ሥዕል» ይሏታል። በእኛ ዘመን ክርክር ማለት «ብዕር ይበልጣል ወይስ ጎራዴ» እየተባለ፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የተሸመደደውን ማንበልበል ነበር። እሷ ግን በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል እየሠራች ጃርትና ኤሊን ግድግዳው ላይ ታከራክራለች። ነገሩ ሲጋጋል ታቆመውና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ትላለች። ያን ጊዜ ክፍሉ ንብ የገባበት ይመስላል።

የኤሊዋ ድምፅ የራሷ ነው፤ የጃርቱ የባሏ። ባሏ አናጢ ነበር። ከሥራ ሲመለስ የእንጨት ብናኙን ከጠጉሩ ሳያራግፍ ማይክሮፎኑ ፊት ይቀመጥና «ዛሬ ደግሞ ምን ብዬ ልሟገት?» ይላታል።

ትምህርት በተዘጋ ወራት ሞተ። ትምህርት ሲከፈት ጃርቱ ተመልሶ መጣ፤ ያውም አዲስ ነገር እየተናገረ። የቀሩትን የባሏን የድምፅ ቅጂዎች ቃል ቃሉን እየቆረጠች ትቀጥላቸው ኖሯል። በግድግዳው በኩል ሰምቼ ወደ ክፍሏ ሄድኩ።

«እህቴ፣ እባክሽ ሰውየውን ተይው» አልኳት።

«ጭራሮን ታውቂያት የለ? ያቺ ዝምተኛዋን። አፏን የምትከፍተው ለጃርቱ ብቻ ነው። እሱ ዝም ካለ እሷም ዝም ትላለች።»

ነገሩ የልጅቷ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየኋት። ርዕሱ «የታመመ ተማሪ ትምህርት ቤት ይምጣ ወይስ ይረፍ» ነው፤ ጃርቱ «ይምጣ» ባይ ነው። ለዚያ የምትፈልገውን አንድ ቃል ያገኘችው፣ ባሏ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ በስልክ ከቀዳችው ድምፅ ብቻ ነበር። ጃርቱ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ረጅም፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ መጣ።

«ደክሞኝም ቢሆን...» አለ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ። ከዚያ በዚያው አፍ፣ በጤናማ ሰው ሳቅ፣ «እመጣለሁ!» አለ።



«እትዬ፣ ጃርቱ አሞታል እንዴ?» አለ አንዱ አፈ ጮሌ።

«ሥዕል ይታመማል? ቂል» አለው ጎረቤቱ።

«ድምፁስ?»

እትዬ ሥዕል ጣቷን ወደ ቁልፉ መለሰች። ደግማ ነካችው። ትንፋሹ፣ ድካሙ፣ ሳቁ። እንደገና ነካችው። ጣቷን ከቁልፉ ማንሳት ያቃታት ይመስል ነበር።

ጭራሮ ተነሣች። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አላዞረችም።

«እኔ ይረፍ ባይ ነኝ።»

«ምክንያትሽን ለጃርቱ ንገሪው፣ የኔ ልጅ።»

«ለእሱ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው። እሱ እምቢ ማለት አይችልም። ሲነኩት ይመጣል። ቢደክመውም ይመጣል።»

«እሱ ካረፈ አንቺ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?» አላት አፈ ጮሌው።

ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ካንተ ጋር። ምን ይደረግ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እትዬ ሥዕል ኮምፒውተሩን አጠፋች፤ የድምፅ ማጉያውንም ገመድ ነቀለች። ሳቁ ሲበርድ ያ ረጅም ትንፋሽ እንደገና ተሰማ። ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞርን፤ ባዶ ነው። እሷ ራሷ ተንፍሳ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ እንዲያ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

«በሉ፣ ይምጣ ባዮች በግራ፣ ይረፍ ባዮች በቀኝ» አለች።

ወንበሩ ሲንጓጓ ቆየ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ እሷም ሄዳ በቀኝ በኩል፣ ከጭራሮ አጠገብ፣ በልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።