ሦስተኛዋ ማራገቢያ

ጀማለዲን ብቻውን ነው የሚኖረው ሲባል ሰው ሁሉ "ምስኪን" ይልና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔም ያው ነበርኩ። ከሚሴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አነሳለሁ፤ ያነሳሁትን ቆርጦና ቀጥሎ ፊልም የሚያደርግልኝ ጀማለዲን ነው። ሰርግ ሲኖር እሄድበታለሁ፣ ሰርግ ከሌለ አልሄድም። ባለፈው ረመዳን ወሩን ሙሉ ደጁን አልረገጥኩም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

የተወለደው ጨፋ ሮቢት ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ግን አልተረፈም። መናገር ይችላል፤ ድምፁ ብቻ ከፍና ዝቅ የለውም። የሰውን ንግግር ከከንፈር ነው የሚያነብበው። እናቱ ሲሞቱ ከሚሴ መጥቶ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ይኸው አምስት ዓመቱ። ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ እትዬ ፋጡሜ ናቸው። ልጆቻቸው ሁሉ ዓረብ አገር ስለሆኑ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ ሲናገሩ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። እኛ ለምደነዋል፤ ጀማለዲን ግን የተሸፈነ አፍ ምኑን ያንብብ? በር ላይ ሲገናኙ እሳቸው ሻሹ ውስጥ አንድ ነገር ይላሉ፣ እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ሊያናግሩት የማይፈልጉ ሴትዮ እንደሆኑ ደምድሞ ነበር። ላስረዳው እችል ነበር፤ ትዝም አላለኝ።

አንድ ቀን ሥራውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረና "ነጂብ፣ ብሞት በስንት ቀን ትሰሙ ይሆን?" አለኝ። እየሳቀ ነው። እኔም ቀልድ አዋቂ ነኝ ባይ፣ "ሽታህ ይነግረናላ!" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ቀድሞኝ አቆመ።

ኮምፒውተሩን ራሱ ነው የገጣጠመው። ሳጥኑን ከደሴ፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ከአዲስ አበባ፣ የቀረውን ከየተበላሸው ማሽን ለቃቅሞ። የከሚሴ ሙቀት ለሰውም አይመች፣ ለማሽን ምን ይመቻል? ስለዚህ ሦስት ማራገቢያ ገጠመለት። ሁለቱ ከፊት ሆነው አየር ያስገባሉ፤ ሦስተኛዋ፣ ከአሮጌ ማሽን የተነቀለችው፣ ከኋላ፣ በእትዬ ፋጡሜ ግድግዳ በኩል ሆና፣ ሙቀቱን ታስወጣለች። ሦስቱንም ቀጥታ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ሰካቸው። እንዲህ የተሰካ ማራገቢያ ልክ አያውቅም፤ ማሽኑ ሞቀም በረደም ባለ በሌለ ኃይሉ ይሽከረከራል። የሚሰማ ሰው ቢሆን በአንድ ቀን ያንገሸግሸው ነበር። ጀማለዲን ሳጥኑን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው፣ ደስ ብሎት ክዳኑን ዘጋ።

ረመዳን አልቆ ሸዋል ሲገባ የአንድ ሙሽራ አባትን ምርቃት እዚያው ጀማለዲን ክፍል ውስጥ በማይክ ቀዳን። ሲከፈት የሽማግሌው ድምፅ በማራገቢያዎቹ ጩኸት ተውጧል። እሳቸው ተቆጡ፤ እኔ ደግሞ ቁጣቸውን ተቀብዬ ለጀማለዲን አስተላለፍኩት። እንዲገባው ብዬ ከንፈሬን አሳምሬ፣ "ማሽንህ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው! ሰፈሩን እኮ አደነቆርከው!" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለማን ምን እንዳልኩ የገባኝ ፊቱ ሲለዋወጥ ነው።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ላለማስቸገር ሲጠነቀቅ የኖረ ነው። "አምስት ዓመት ሙሉ?" አለ። "በየቀኑ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ? እትዬ ፋጡሜም ይሰማሉ?"

"እንዴት አይሰሙ!"

"ለዚህ ነዋ የማያናግሩኝ" አለና ማሽኑን አጠፋው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ "ጆሮህን አውሰኝ" ብሎ ጠራኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ለማራገቢያ የተሠሩ ትናንሽ መሰኪያዎች አሉ፤ እዚያ ሲሰካ ማዘርቦርዱ ሙቀቱን እየለካ ፍጥነቱን ያዝዛል። ሦስቱንም ወደዚያ አዛወራቸው። ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ ባዮስ የሚባለውን ማስተካከያ ከፍቶ እስከ አርባ አምስት ዲግሪ ቀስ እንዲሉ፣ ሰባ ሲደርስ በሙሉ ኃይል እንዲዞሩ አዘዘ። የእኔ ሥራ የጩኸቱን መጠን በጣቴ ማሳየት ነበር። ከአሥር ጣት ጀመርን። ሰባት። አራት። በመጨረሻ ጣቶቼን ሁሉ አጥፌ ጨበጥኩለት፤ በረጅሙ ተነፈሰ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ፋጡሜ ሲያስሉ፣ ማንኪያ ሲያስቀምጡ ሰማሁ። ይህን ያህል ቅርብ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ለጀማለዲን ግን አልነገርኩትም፤ ምን ያደርግለታል ብዬ።

በነጋታው ምርቃቱን ደግመን እንድንቀዳ ማይኬን ይዤ በጠዋት ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ በሩ ተበረገደ። እትዬ ፋጡሜ ናቸው። እጃቸው ላይ የሳሙና አረፋ አለ፣ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል። ጀማለዲንን ወንበሩ ላይ ሲያዩት የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ።

"ማል ታቴ ልጄ? ምን ሆንክ? ያ ረቢ፣ ሞትክብኝ ብዬ እኮ ነው!"

ጀማለዲን አፋቸውን ትኩር ብሎ አየ። "ሞትክ ነው ያሉት?" ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

"ሁልጊዜ ከሱብሒ በኋላ ያ ነገርህ ይነሳል" አሉ እትዬ ፋጡሜ። "እኔም 'አልሃምዱሊላህ፣ ለልጄ ነግቶለታል' እላለሁ። የወለድኳቸው በሳምንት አንዴ ይደውላሉ፤ አንተ ግን በየቀኑ ነህ። ዛሬ ባዳምጥ የለም። ልብሴን አጥባለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ የለም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፣ የለም።"

ጀማለዲን ወደ እሳቸው ቀረበ። "በር ላይ ምን ነበር የሚሉኝ?"

"'አካም ቡልቴ' ነዋ! እንዴት አደርክ! ሌላ ምን እላለሁ?"

"አፍዎን ሲሸፍኑ አይታየኝም" አለ በዚያ ሜዳ ድምፁ።

እትዬ ፋጡሜ እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ አፋቸው ላኩ። አፋቸው ጋ ሳይደርስ መለሱት።

እሳቸው እንደሄዱ ጀማለዲን ማሽኑን አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተ። ሁለቱን የፊት ማራገቢያዎች አልነካቸውም። ሦስተኛዋን፣ በግድግዳው በኩል ያለችውን፣ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ መለሳት። ማሽኑን አስነሳና ዓይኑን ጣቶቼ ላይ ተከለ። ስድስት አሳየሁት።

ከግድግዳው ወዲያ "አልሃምዱሊላህ" ሲባል ሰማሁ። ይህንንስ ነገርኩት።

ምርቃቱን ሽማግሌው ቤት ሄደን ቀዳነው። መንገድ ላይ ጀማለዲን ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ "ብሞት በስንት ቀን ትሰሙ ይሆን ብዬህ ነበር፤ ቀን አይደለም፣ ነጂብ" አለኝ። "እትዬ ፋጡሜ ሲመጡ ሰዓቱን አይቼዋለሁ። ከሱብሒ ወዲህ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።"

እኔ ብሆን የምሰማው በሚቀጥለው ሰርግ ነበር።