ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ የተኛው ውኃ

የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ «ውኃ ልክ» ነው የሚሏት። ግንበኛ ሆና አይደለም፤ የጎልፍ ሜዳው የሣር ኃላፊ ናት። ግን መሬቱን አንዴ በዓይኗ ገረፍ አድርጋ «እዚህ ጋ ውኃ ይተኛል» ካለች ይተኛል፤ አለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ስታጭድ፣ ስትነቅል፣ ስትተክል የኖረችበት ሜዳ ነውና እንደ ቤቷ ጓዳ ታውቀዋለች።

ያን ሰሞን ግን ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ዘነበ። ማጨጃ ማሽኑ ከገባ ጎማው ሜዳውን ስለሚያርሰው ከመጋዘን አልወጣም፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ውኃ ልክ ማለዳ ማለዳ ባለላስቲክ መጥረጊያዋን ይዛ፣ ኳሱ የሚገባባቸውን ጉድጓዶች ከከበበው አጭር ሣር ላይ ውኃ ስትገፋ ትውላለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የዝናብ ካፖርቷን ክርን ለአራተኛ ጊዜ እየጣፈ፣ «የቤታችንን ወለል እንዲህ ብትጠርጊው ኖሮ መልካችንን እናይበት ነበር» አላት።

«አንተስ እጅ የለህም?» አለችና ካፖርቱን ነጥቃው ወጣች።

ከአሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች አሥራ ሰባቱ እንደምንም እሺ አሉ። ሰባተኛው ግን አሻፈረኝ አለ። ውኃውን ገፍታ ጨርሳ ዞር ስትል መልሶ ይሞላል። ቅዳሜ ደግሞ ውድድር አለ። ቢቸግራት ማክሰኞ ዙሪያውን ገመድ ወጠረችና «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቀለችበት።

ረቡዕ ጠዋት ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ዳኛ መጡ። ዘነበም አልዘነበ ሳይጫወቱ የማይውሉ ሰው ናቸው። ጥላቸውን ዘርግተው ገመዱ አጠገብ ቆሙና ጽሑፉን ሁለቴ አነበቡት።

«ስሚ ልጄ፣ ይሄ ማንን ነው የሚከለክለው?»

«እርስዎን።»

«ስሜ አልተጻፈበትማ።»

«በዚህ ዝናብ ሌላ የሚመጣ ስለሌለ ነው፣ ጌታዬ። ደሞ ይግባኝ የለውም።»

ሁለቱም ሳቁ። ውኃ ልክ መጥረጊያዋን ልታጥብ ዘወር ከማለቷ ግን ዳኛው ገመዱን ተሻግረው ገቡ። ሦስት እርምጃ ሄዱ፤ በአራተኛው ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ሰጠመ።

«ልጄ!» አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ጥፋተኛ ነኝ፤ አውጪኝ!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ብብታቸውን ይዛ ጎተተች። እግራቸው ወጣ፤ ጫማቸው ቀረ። ጫማውን ፍለጋ ክንዷን ጭቃው ውስጥ ስትከት፣ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ቀዝቃዛ ውኃ መዳፏን መታት።

«ቱቦው!» ብላ ጮኸች። የላይኛው ኩሬ ሲሞላ ትርፉን የሚያወርደው ቱቦ እዚያው ሥር ተሰብሯል። እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማዩን ስትረግም ከርማለች። አፈረች፤ ደስም አላት።

ሣሩን እንደ ምንጣፍ በካሬ በካሬ ቆርጣ ጎን ላይ ደረደረችና ቆፈረች። ዳኛው አንድ እግራቸውን ፌስታል አልብሰው ጥላ ያዙላት፤ ምክር ግን አላቋረጡም።

«ወደ ግራ ብትቆፍሪ...»

«እርስዎ ጥላውን ብቻ ይያዙልኝ!»

ጫማው ተገኘ። ከሥሩም ቱቦው፤ የዛፍ ሥር ሰንጥቆት ገብቶ ደፍኖታል። ሥሩን ቆርጣ አዲስ ቱቦ ቀጠለች፤ ሐሙስ ውኃው እያንጎራጎረ ወረደ። ዓርብ ሣሩን ወደ ቦታው መልሳ አሸዋ ነሰነሰችበት፣ ጠቅጥቃም አስተካከለችው።

ቅዳሜ ቢያካፋም ውድድሩ ተካሄደ። ኳሱ ሰባተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ተንከባለለ። ዳኛው ከመጨረሻ ሦስተኛ ወጡ፤ ያም ሆኖ ላገኙት ሰው ሁሉ «ቱቦውን እኛ ነን ያገኘነው» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። አመሻሽ ላይ ትኩስ ሻይ አስቀድተው ወደ ውኃ ልክ ሄዱ። የመጋዘኑ በር ላይ ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጥሏታል። ሊቀሰቅሷት አሰቡና ተዉት። አጠገቧ ሣጥን ስበው ተቀመጡና ሻዩን ራሳቸው ጠጡት።